የሞተው ጥቅሉ ነው ወይስ ቁራጩ?
ባለቀለም የኤልኢዲ ስትሪፕ ሲበላሽ ጥፋቱንና ከፋዩን መለየት ይቻላል

በአዲስ አበባ አዲስ የሚከፈት ካፌ፣ የፀጉር ቤት፣ ላውንጅ ወይም የእንግዳ ማረፊያ በጂፕሰም ኮርኒሱ ጠርዝ ላይ ቀለም የሚቀያይር መብራት ሳይገጥም በሩን የሚከፍትበት ጊዜ እያነሰ መጥቷል። ገበያው «ስትሪፕ» ብሎ የሚጠራው ይህ ስስ ገመድ መሰል መብራት ከመርካቶ ጅምላ አከፋፋይ እስከ ሠፈር የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ድረስ በጥቅል ተደርድሮ ይሸጣል። ይሁን እንጂ ከምርቃቱ ጥቂት ቀናት በኋላ ከረጅሙ መስመር መሐል ጣት የምታህል ቦታ ጨልማ ትገኛለች። ወይም ኮርኒሱ በሙሉ ነጭ ሲያበራ አንዱ ጥግ ብቻ ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል።

ጭቅጭቁም የሚጀምረው በዚህን ጊዜ ነው። ባለቤቱ የገጠመውን ኤሌክትሪሺያን ይጠራል። ኤሌክትሪሺያኑ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል። ሻጩ ደግሞ «ሲገጥመው አበላሽቶት ነው» ካለ በኋላ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ያመለክታል። በመጨረሻም ጥቅሉ በሙሉ ተነቅሎ ይጣልና አዲስ ይገዛል። ሦስቱም ወገኖች ያልጠየቁት ጥያቄ ግን አንድ ነው። ጨለማው የት ጀመረ? የትስ አበቃ? የዚህ ጥያቄ መልስ ብልሽቱ የት እንዳለ ከመጠቆም አልፎ ወጪውን ማን መሸፈን እንዳለበት ጭምር በአብዛኛው ያመለክታል።

ዕቃው እንዴት ተሠራ?

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ባለቀለም ስትሪፕ 5 ሜትር ርዝመት ባለው ጥቅል የሚሸጥና በ12 ቮልት የሚሠራ ነው። «5050» የሚባለው ቁጥር የእያንዳንዷ አምፖል ስፋት 5 በ5 ሚሊ ሜትር መሆኑን የሚገልጽ ሲሆን፣ በአንዷ አምፖል ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ሦስት ጥቃቅን የብርሃን ምንጮች ይገኛሉ። ሦስቱ በአንድነት ሲበሩ ነጭ ይሆናሉ። ቀዩ የኤልኢዲ ብርሃን እ.ኤ.አ ከ1962 ጀምሮ የታወቀ ቢሆንም፣ ደማቁ ሰማያዊ እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በጃፓን እስከሚገኝ ድረስ ነጭን በዚህ መንገድ ማግኘት አልተቻለም ነበር። ለዚህ ሥራ ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ለነጋዴው ዋናው ቁም ነገር ግን ጥቅሉ አንድ ዕቃ አለመሆኑ ነው። በ12 ቮልቱ ዓይነት ሦስት ሦስት አምፖሎች ከነሬዚስተሮቻቸው አንድ ራሱን የቻለ ቁራጭ ይሠራሉ። በሜትር 60 አምፖል ያለው ስትሪፕ እያንዳንዱ ቁራጭ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በ5 ሜትር ጥቅል ውስጥ 100 ቁራጮች አሉ ማለት ነው። በሜትር 30 አምፖል በሆነው ደግሞ ቁራጩ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ብዛቱም 50 ይሆናል። በቁራጮቹ መካከል የመቀስ ምልክት ወይም መስመር ታትሞ ይታያል። ቁራጮቹ ጎን ለጎን ከተዘረጉ አራት የመዳብ መስመሮች ኃይል ስለሚቀበሉ የአንዱ መሞት ሌላውን አይገድልም።

ስለሆነም ጥቅሉ 1000 ብር ተገዝቶ አንድ ቁራጭ ቢሞት የጠፋው ዕቃ የ10 ብር ነው። 1000 ብሩን በሙሉ የሚያጠፋው ብልሽቱን አለማወቅ ነው።

ከአራቱ መስመሮች አንዱ ለሦስቱም ቀለሞች የጋራ የሆነው ፖዘቲቭ ሲሆን፣ የቀሩት ሦስቱ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መመለሻዎች ናቸው። ኮንትሮለር የሚባለው ትንሽ ሣጥን ቀለም የሚቀያይረው እነዚህን ሦስት መመለሻዎች በከፍተኛ ፍጥነት በመክፈትና በመዝጋት ነው።

የጨለማው ቅርጽ ምን ይናገራል?

ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት ስትሪፑን በሪሞት በቅድሚያ ቀይ ብቻ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ብቻ፣ ከዚያ ሰማያዊ ብቻ፣ በመጨረሻም ነጭ አድርጎ መመልከት ያስፈልጋል። ይህ መሣሪያ የማይጠይቅ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የሚታየው ነገር ከሚከተሉት በአንዱ ውስጥ ይወድቃል።

አንደኛ፣ አንድ ቁራጭ ብቻ አንድ ቀለም አጥቶ ከእሱ በፊትም በኋላም ያለው በትክክል ሲበራ ነው። በቁራጩ ውስጥ ያሉት ሦስት አምፖሎች በየቀለማቸው በተርታ የተያያዙ በመሆናቸው የአንዷ መቃጠል ወይም የሬዚስተሩ መላቀቅ የዚያን ቀለም ሦስቱንም ያጠፋል። ነጭ ሲታዘዝ ቀይ የጎደለው ቁራጭ ወደ ውሃ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ የጎደለው ወደ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ የጎደለው ደግሞ ወደ ቢጫ ስለሚያደላ የጎደለውን በዓይን መለየት ቀላል ነው። ጥፋቱ ከቁራጩ አይወጣም፤ ኮንትሮለር መቀየርም ፋይዳ የለውም።

ሁለተኛ፣ ከአንድ ነጥብ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ድረስ ሁሉም ቀለም ሲጠፋ ነው። ይህ የጋራው የፖዘቲቭ መስመር በዚያ ነጥብ ላይ መቆረጡን ያመለክታል። ከዚያ ነጥብ ጀምሮ የጠፋው አንድ ቀለም ብቻ ከሆነ የተቆረጠው የዚያ ቀለም መመለሻ መስመር ነው። ብዙዎች የማያውቁት ነገር ቢኖር የ5 ሜትር ጥቅል ብዙውን ጊዜ በፋብሪካ ውስጥ ከግማሽ ግማሽ ሜትር ቁራጮች በብየዳ እየተቀጣጠለ የሚሠራ መሆኑ ነው። በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ተደራርቦ የሚታየው ቦታ ይህ መጋጠሚያ ሲሆን፣ ስትሪፑ ሲጎተት ወይም ሲታጠፍ ቀድሞ የሚላቀቀውም እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ቀለም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲጠፋ ነው። መቶ ቁራጮች በአንድ ቀን አንድ ቀለም ሊያጡ አይችሉምና ጥፋቱ ከስትሪፑ በፊት ባለው ቦታ፣ ማለትም በኮንትሮለሩ፣ በሽቦው ወይም በባለ አራት እግሩ ማገናኛ ላይ ነው። በአንጻሩ አንድ ቀለም በሪሞት አልጠፋ ብሎ ሁልጊዜ ከበራ የኮንትሮለሩ መክፈቻና መዝጊያ ተቃጥሎ ተጣብቋል ወይም ሁለት ሽቦዎች ተነካክተዋል።

አራተኛ፣ መጀመሪያው ነጭ ሆኖ መጨረሻው ወደ ቀይ ሲያደላ ነው። ይህ ብልሽት ሳይሆን የኃይል ማነስ ነው። ኤሌክትሪኩ በስሱ መዳብ ላይ ሲጓዝ ቮልቴጁ ይቀንሳል። ቀይ ከ2 ቮልት ብዙ የማይበልጥ ሲጠይቅ አረንጓዴና ሰማያዊ ወደ 3 ቮልት ይጠይቃሉ። ሦስቱ በተርታ ሲሆኑ ሰማያዊው ከ9 ቮልት በላይ ስለሚሻ፣ መጨረሻው ላይ 12 ቮልቱ ወደ 10 ከወረደ ሰማያዊና አረንጓዴ ሲደክሙ ቀዩ ግን ይተርፋል። መዳቡ የሳሳ ርካሽ ስትሪፕ በዚህ ይታወቃል።

አምስተኛ፣ ሁሉም ሲጠፋ ወይም ሲርገበገብ ነው። እዚህ ላይ ተጠርጣሪው ፖወር ሰፕላዩ ነው። በሜትር 60 አምፖል ያለው ስትሪፕ ሙሉ ነጭ ሲበራ በሜትር 14.4 ዋት ይወስዳል። ይህም ለ5 ሜትር 72 ዋት፣ በ12 ቮልት ደግሞ 6 አምፔር ነው። 2 አምፔር የሚል አዳፕተር የሚሰጠው 24 ዋት ብቻ በመሆኑ ጥቅሉን ሊሸከም አይችልም። ፖወር ሰፕላይ ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ ባይጫን ስለሚመረጥ ለአንድ ጥቅል 90 ዋት የሚጠጋ መግዛት ያስፈልጋል። በተጨማሪም አንዳንድ የብረት ሣጥን ፖወር ሰፕላዮች ከጎናቸው 110 እና 220 ቮልት የሚመርጥ ማንሸራተቻ አላቸው። በ110 ላይ እንደተቀመጠ ከ220 ቮልት መስመር ጋር ከተገናኘ ገና በመጀመሪያው ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል።

ፍተሻው በቅደም ተከተል

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው በየኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሩ የሚገኘው ተራ ቴስተር ነው። 220 ቮልት የሚገባበትን የፖወር ሰፕላዩን ወገን ከባለሙያ በቀር ማንም መንካት የለበትም። የሚለካው 12 ቮልት የሚወጣበት ወገን ነው።

በቅድሚያ ስትሪፑ ነጭ እየበራ በመጀመሪያው ጫፍ ላይ ቮልቴጁ ይለካል። ሳይበራ 12 አሳይቶ ሲበራ በጣም የሚወርድ ከሆነ ፖወር ሰፕላዩ ደክሟል ወይም ጭነቱ በዝቶበታል። መጀመሪያው ደህና ሆኖ የመጨረሻው ጫፍ ከወረደ ደግሞ ከላይ በአራተኛ ደረጃ የተገለጸው የኃይል ማነስ ነው። መድኃኒቱም ከኮንትሮለሩ መውጫ ሁለተኛ ሽቦ ስቦ መጨረሻውን ጫፍ መመገብ ነው።

ቀጥሎ የተጠረጠረው መጋጠሚያ በደረቅ እንጨት ወይም ፕላስቲክ በቀስታ ይጫናል። ሲጫኑት በርቶ ሲለቁት የሚጠፋ ከሆነ ብየዳው ተላቋል፤ ሌላ ፍተሻ አያስፈልገውም።

አንድ ቀለም በሙሉ የጠፋ እንደሆነ ኃይሉ ተዘግቶ በኮንትሮለሩ መውጫ ላይ የጠፋው ቀለም ሽቦ ከደህናው ጋር ይቀያየራል። ለምሳሌ ቀይ ጠፍቶ ቀዩና አረንጓዴው ሽቦ ቢቀያየሩ፣ ቀይ በርቶ አረንጓዴ ከጠፋ ጥፋቱ የኮንትሮለሩ ነው። ቀይ አሁንም ካልበራ ግን ኮንትሮለሩ ነጻ ነው፤ ሽቦውና ማገናኛው ይፈተሹ። ይህ ቀላል ሙከራ የሻጩንና የኤሌክትሪሺያኑን ክርክር በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይዘጋል።

ኮንትሮለሩ ራሱ የሚሸከመው ልክ አለው። ከጥቅሉ ጋር አብረው ከሚሸጡት ርካሽ ባለ ሪሞት ኮንትሮለሮች ብዙዎቹ ለእያንዳንዱ ቀለም 2 አምፔር የተጻፈባቸው ናቸው። ለሦስት ቀለም 6 አምፔር፣ ማለትም ከላይ የተጠቀሰውን አንድ ጥቅል ብቻ መሸከም ይችላሉ ማለት ነው። ሁለት ጥቅል በአንድ ኮንትሮለር ማሠራት ቁጠባ ቢመስልም ውሎ አድሮ ኮንትሮለሩን ያቃጥላል።

ሁለተኛው ዓይነት፦ እያንዳንዷ አምፖል የምትታዘዝበት

ቀለሙ እንደ ውሃ የሚፈስና የሚሮጥ የሚመስለው ስትሪፕ አሠራሩ የተለየ ነው። ከነዚህ መካከል ታዋቂው ደብልዩኤስ2812ቢ በ5 ቮልት የሚሠራ ሲሆን እያንዳንዷ አምፖል የራሷ መቆጣጠሪያ አላት። ትእዛዙ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተላለፈ ስለሚሄድ አንዷ ስትሞት ከእሷ በኋላ ያሉት ሁሉ ይጠፋሉ ወይም ያለ ሥርዓት ይበራሉ።

በዚህ ዓይነት የሚጠረጠሩት ሁለት አምፖሎች ናቸው። የመጀመሪያዋ የጠፋችው አምፖል ትእዛዝ መቀበል አቅቷት ሊሆን ይችላል፤ ከእሷ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ደህና አምፖልም ራሷ እየበራች ማሳለፍ አቅቷት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድነት ቆርጦ መተካት ጊዜ ይቆጥባል። አዲሱ ቁራጭ ሲገባ በስትሪፑ ላይ የታተመው ቀስት አቅጣጫውን መጠበቅ አለበት፤ ከተገለበጠ ትእዛዝ አያልፍም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ስህተት ግን የ5 ቮልቱን ስትሪፕ ከ12 ቮልት ፖወር ሰፕላይ ጋር ማገናኘት ነው። ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ ሻጩ ቮልቴጁን ደረሰኙ ላይ ሊጽፍ ይገባል። በ12 ቮልት የሚሠራው ደብልዩኤስ2815 ተጨማሪ የትእዛዝ መስመር ስላለው የአንዲት አምፖል መሞት ቀሪውን አያጠፋም። ከፍ ያለ ኮርኒስ ወይም ታፔላ ላይ ለሚገጥም ሰው የዋጋውን ልዩነት በጥገና ወጪ ይመልሳል።

ቁራጩን መተካት

ኃይሉ ከተዘጋ በኋላ የሞተው ቁራጭ በሁለቱም በኩል በመቁረጫ ምልክቱ ላይ በመቀስ ይቆረጣል። ምልክቱን የሳተ መቀስ ሌላ ጤነኛ ቁራጭ ይገድላል። በምትኩ የሚገባው ተመሳሳይ ቮልቴጅ፣ ስፋትና የአምፖል ብዛት ያለው ቁራጭ ነው። በመዳብ ነጥቦቹ አጠገብ የታተሙት የቀለም ፊደላት ቅደም ተከተል ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ሳያነቡ ማገናኘት ቀይ ሲታዘዝ አረንጓዴ እንዲበራ ያደርጋል።

መገጣጠሚያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ያለ ብየዳ የሚቆለፍ የፕላስቲክ ማገናኛ ሲሆን፣ ለባለቀለሙ ስትሪፕ በብዛት የሚስማማው 10 ሚሊ ሜትሩ ነው። ፈጣን ቢሆንም ጊዜ ሲቆይ ይላላል። ሁለተኛው በቆርቆሮ መበየድ ሲሆን የበለጠ ይጸናል። ሙቀቱ መዳቡን ከሥሩ ስለሚነቅል መበየጃው በአንድ ነጥብ ላይ ከሁለትና ሦስት ሰከንድ በላይ ባይቆይ ይመረጣል። በሲልከን የተሸፈነ ከሆነ ቀድሞ ይፋቃል፤ ሲያበቃም ተመልሶ ይታሸጋል።

ሌላው ጥንቃቄ የቀለም መለያየት ነው። በተለያየ ጊዜ የተመረቱ ጥቅሎች ነጫቸው አንድ ላይሆን ስለሚችል የተተካው ቁራጭ ተለይቶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሲገጠም የተረፈውን ቁራጭ ባለቤቱ ሊያስቀምጠው እንጂ ሊጥለው አይገባም።

ኪሳራው የማን ነው?

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን፣ ገዢም የተረከበውን ዕቃ በጊዜው መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይደነግጋል። ስለሆነም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት የክርክሩ መጨረሻ አይደለም። የሚያከራክረው ጉድለቱ ከዕቃው ጋር የመጣ ነው ወይስ በኋላ የደረሰ የሚለው ነው። በዚህ ረገድ የጨለማው ቅርጽ ጥሩ ምስክር ይሆናል።

ስትሪፑ ቀጥ ብሎ በተዘረጋበት ቦታ አንድ ቁራጭ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሞተ ወይም የፋብሪካው መጋጠሚያ ከተላቀቀ ጥፋቱ ወደ ዕቃው ያደላል፤ ሻጩም ወደ አስመጪው ሊሄድ ይችላል። ጨለማው የጀመረው ስትሪፑ ማዕዘን ላይ በተሰበረበት ወይም ማገናኛ በገባበት ቦታ ከሆነ ግን የገጣሚው ነው። መጨረሻው የቀላ እንደሆነ ሁለተኛ ሽቦ ያልሳበው ገጣሚ ወይም ለሽቦው አልከፍልም ያለው ባለቤት ይጠየቃል። ኮንትሮለሩ ሁለት ጥቅል ተሸክሞ ከተቃጠለ ሻጩን መውቀስ አይቻልም። ውሃ የማይከላከለው አይፒ20 ዓይነት ዝናብ በሚነካው በረንዳ ላይ ተገጥሞ መዳቡ ከዛገም ጥፋቱ የመረጠው ሰው ነው።

ለቸርቻሪው ከጭቅጭቁ የሚርቅበት መንገድ ርካሽ ነው። ባንኮኒው ላይ አንድ ፖወር ሰፕላይና ኮንትሮለር አስቀምጦ እያንዳንዱን ጥቅል ገዢው ፊት በአራቱም ቀለም አብርቶ ማሳየት ነው። ሆኖም ተጠቅልሎ እንዳለ ለረጅም ጊዜ ቢበራ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ አምፖሎቹን ስለሚጎዳ ሙከራው በአጭሩ መሆን አለበት። ብዛት ያለው ዕቃ የሚያገናኝ ደላላም ካርቶኑን ብቻ ቆጥሮ ከማስማማት ይልቅ ከየካርቶኑ ጥቂት ጥቅል እንዲበራ ቢያደርግ ኮሚሽኑን ከተቀበለ በኋላ ስልክ ከማጥፋት ይድናል።

ባለሀብቱም ቢሆን ከኮርኒስ ሠሪው ጋር ሲዋዋል ሦስት ነገሮችን ማስገባት ይችላል። ስትሪፑ ሙቀቱን በሚያስወጣ የአሉሚኒየም መቀመጫ ላይ እንዲዘረጋ፣ ፖወር ሰፕላዩና ኮንትሮለሩ ጂፕሰም ሳይፈርስ እጅ በሚያገኛቸው ቦታ እንዲቀመጡ፣ እንዲሁም ከዚያው ግዢ አንድ ሜትር ትርፍ እንዲቀርለት ነው። ኮርኒስ ማፍረስና መልሶ ቀለም መቀባት ከስትሪፑ ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስወጣልና።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው የ5 ሳንቲ ሜትር ጨለማ የ5 ሜትር ኪሳራ የሚሆነው ከሥሩ ሳይመረመር ሲቀር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ መብራቱ ሲጠፋ ባለቤቱም፣ ኤሌክትሪሺያኑም፣ ሻጩም ጣት ከመጠቋቆማቸው በፊት ቀና ብለው ጨለማው የት ጀምሮ የት እንዳበቃ ቢያዩ፣ ለጭቅጭቅ የሚያጠፉት ጊዜ ለጥገናው በቅቶ ይተርፋል።